የአረጋውያን የሳንባ ምች በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ፦ የማኅበራችን የአቋም መግለጫ

በባሕር ዳር ከተማና በጣና ሐይቅ ዙሪያ በሚገኙ ጤና ኬላዎች፣ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የምንሠራ ሐኪሞች፣ ጤና መኮንኖች፣ ነርሶች፣ ፋርማሲስቶችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች በማኅበራችን በኩል ይህን የአቋም መግለጫ አውጥተናል። የሚመለከተው የሳንባ ምችን ነው። ትኩረት ያደረግነውም ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ ነገር ግን የስኳር፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም ሌላ ሥር የሰደደ ሕመም ሳይኖርባቸው እርሻቸውን እያረሱ፣ መረባቸውን እየጣሉ፣ ቤታቸውን እያስተዳደሩ፣ የልጅ ልጅ እያሳደጉ በሚኖሩ አባቶችና እናቶች ላይ ነው።

አቋማችን የሚከተለው ነው። ቀድሞ ጤነኛ የነበረ አረጋዊ የሳንባ ምች ሲይዘው፣ በሽታው በጊዜ ከታወቀለትና ተገቢውን ሕክምና ካገኘ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ስለዚህ “ዕድሜያቸው ነው” ብሎ ምርመራ ማሳጠር፣ ሪፈር አለመጻፍ፣ አልጋ ወይም ኦክስጅን መንፈግ በምንም መንገድ ተቀባይነት የለውም። አረጋዊን እንደ ወጣት ታካሚ ቆጥሮ ኪኒን ሰጥቶ ማሰናበትም የዚያኑ ያህል ጥፋት ነው። በሽታው በአረጋዊ ላይ ምልክቱን ይደብቃል፣ ቶሎ ይጠናል፣ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላም ለወራት ይከተላቸዋል።

ስለ ዕድሜና ስለ ሞት የሚታወቀው

እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 49 ከሆኑ 10,000 ሰዎች መካከል በዓመት በሳንባ ምች ሆስፒታል የሚተኙት 7 ገደማ ናቸው። ከ65 እስከ 79 ባሉት ቁጥሩ ወደ 63፣ ሰማንያ ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ደግሞ ወደ 164 ያሻቅባል። በዕድሜ ጣሪያ ላይ ያሉት ከወጣቶቹ በ25 እጥፍ ገደማ ሆስፒታል ይተኛሉ ማለት ነው። በጀርመን በብዙ ሺህ ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ የሚከሰተውን ሞት በዕድሜ ለይቶ አነጻጽሯል። ከ65 ዓመት በታች ካሉት የሞቱት 1.7 በመቶ ሲሆኑ፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት የሞቱት 8.2 በመቶ ነበሩ። ሌላ ሕመም የሌለባቸው ብቻ ተለይተው ሲታዩ በሁለቱም ወገን ሞት በእጅጉ ይቀንሳል፤ ልዩነቱ ግን አይጠፋም።

ይህን መረጃ በጥሞና ማንበብ ያስፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ አረጋዊውን ለሞት የሚዳርገው የዕድሜው ቁጥር ሳይሆን ከዕድሜ ጋር አብሮ የተከማቸው ሕመም ነው። ይሁን እንጂ ጤነኛም ቢሆን ያረጀ ሳንባ አክታን ገፍቶ የማውጣት አቅሙ ይደክማል፤ የሰውነት መከላከያ ይዘገያል፤ ኩላሊትና ልብ ለክፉ ቀን ያስቀመጡት ትርፍ ጉልበት ያንሳል። ሌላውም ነገር ከዚሁ ቁጥር ውስጥ አለ፦ ከመቶ አረጋውያን ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ተርፈዋል። በየተመላላሽ ክፍሉ ተስፋ ከመቁረጣችን በፊት ልናስታውሰው የሚገባው ይህን ነው።

የውጭውን አኃዝ እንዳለ ወደ እኛ አምጥቶ መለጠፍ እንደማይቻልም እናውቃለን። እዚያ “ሌላ ሕመም የለበትም” የተባለው ሰው ግፊቱ፣ ስኳሩና ኩላሊቱ ለዓመታት ሲለካ ቆይቶ ነው። የደቅ ደሴት ገበሬ ወይም የዘጌ ቡና ለቃሚ “በሽታ የለብኝም” ሲል ብዙ ጊዜ “ተለክቼ አላውቅም” ማለቱ ነው። ስለዚህ በሳንባ ምች የመጣ አረጋዊ ሁሉ በዚያው ቀን የደም ግፊቱና የደም ስኳሩ ይለካ፤ ለብዙዎቹ ይህ የመጀመሪያቸው ይሆናል። ጤነኝነት በግምት የሚሰጥ ስም ሆኖ መቅረት የለበትም።

ዕድሜውም ራሱ ግምት ነው። መዝገባችንን የገለጠ ሰው ስድሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ የሚሉ ክብ ቁጥሮች ተደርድረው ያያል። ትክክለኛውን ለማግኘት ጊዜ ወስዶ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በጣሊያን ጊዜ ተወልደው እንደሆነ፣ የ66ቱ አብዮት ሲፈነዳ ስንት ልጅ እንደነበራቸው። ይህ የወግ ጥያቄ ሊመስል ይችላል። ግን በሕክምናው ላይ ለውጥ ያመጣል፤ የበሽታውን ክብደት የምንለካባቸው መመዘኛዎች ዕድሜን አንድ መስፈርት አድርገው ይቆጥራሉና። ጥርጣሬ በተፈጠረ ጊዜ ዕድሜ ለታካሚው ጥንቃቄ በሚጨምርለት በኩል ይመዝገብ።

ተስፋ መቁረጥ የእኛ አገር ልማድ ብቻ አይደለም። በዓለም ሕክምና ታሪክ ስሙ የገነነው ካናዳዊው ሐኪም ዊልያም ኦስለር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ባዘጋጀው የመማሪያ መጽሐፍ የሳንባ ምችን ለሽማግሌዎች እንደ ወዳጅ የሚቆጠር፣ ያለ ብዙ ሥቃይ የሚያሳርፍ በሽታ አድርጎ ገልጾት ነበር። በዚያ ዘመን አንቲባዮቲክ የሚባል አልነበረም፤ ኦክስጅንም በየአልጋው አይደርስም። ኦስለር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1919 መጨረሻ በ70 ዓመቱ ያረፈው በሳንባ ምችና እሱ ባስከተለው በደረት ውስጥ መግል መቋጠር ነው። ዛሬ በእጃችን ያለው መሣሪያ በዚያን ጊዜ ከነበረው ጋር ሲነጻጸር፣ ያንን አመለካከት ወርሶ መቀመጥ ለእኛ ምክንያት አይሆነንም።

ምልክቱ ሲደበቅ

ወጣት የሳንባ ምች ሲይዘው አይጠፋንም። ትኩሳቱ ይነድዳል፣ ጎኑን ይወጋዋል፣ ያስለዋል፣ አክታው የዛገ ብረት ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው 75ና ከዚያ በላይ የሆኑ ታካሚዎች ከወጣቶቹ ይልቅ ጥቂት ምልክት ብቻ እንደሚናገሩ አሳይቷል፤ በሥራችንም ይህንኑ እናያለን። አረጋዊት እናት ትኩሳት ላይኖራቸው ይችላል። ሳሉም ቀላል ነው። ቤተሰብ ይዟቸው የሚመጣው “ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል እምቢ አሉ”፣ “ሌሊት ይዘባርቃሉ”፣ “ከአልጋ ሲወርዱ ወደቁ” እያለ ነው። ካርድ ክፍል ደርሰው “ምንዎን ያምዎታል?” ሲባሉ “ደከመኝ ልጄ” ይላሉ፤ በቃ። ደከመኝ የሚለው ቃል በካርዱ ላይ ይሰፍርና ግሉኮስ ታዞላቸው ይመለሳሉ።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ወባ አለ። በፎገራ፣ በደንቢያ፣ በሊቦ ከምከምና በባሕር ዳር ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲተኛ ትኩሳት ያለበት ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚታሰበው በወባ ነው፤ መታሰቡም ተገቢ ነው። ችግሩ የጣት ደም ተወስዶ ወባ ከተገኘ በኋላ ማንም ደረታቸውን አለማዳመጡ ነው። ሁለቱ በሽታዎች አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ወባ ያልተገኘባቸው ደግሞ አንዳንዴ “ውስጥ ለውስጥ ወባ ይሆናል” ተብለው የወባ መድኃኒት ይዘው ይሄዳሉ። ማኅበራችን ይህን አሠራር ይቃወማል። የወባ ምርመራ ውጤት ምንም ይሁን ምን፣ የታመመ አረጋዊ ትንፋሽ ይቆጠር፣ ደረቱም ይደመጥ።

ስለ ትንፋሽ ቆጠራ ትንሽ መቆየት አለብን፤ የዚህ መግለጫ እምብርት እዚህ ነውና። ትንፋሽ መቁጠር ሰዓትና አንድ ደቂቃ ብቻ ይፈልጋል። ነገር ግን በብዙ ካርዶች ላይ በትንፋሽ ቦታ የተጻፈው ቁጥር ከታካሚ ታካሚ አይለያይም፤ ያለመቆጠሩ ምስክር ነው። አንዱ ምክንያት የሥራ ብዛት ነው። ሌላው ግን ከመልካም ምግባራችን የሚነሣ ነው። አረጋዊው ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ ወጣቷ ነርስ “አባቴ፣ ጋቢውን ይግለጡልኝ” ለማለት ታፍራለች። በጋቢ ላይ የሚቆጠር ትንፋሽ አይታይም። ባለሙያው በአክብሮት አስፈቅዶ፣ ጋቢውን ከደረት ላይ ገለጥ አድርጎ፣ ታካሚው ሳያወሩ ሙሉ ስድሳ ሰከንድ ይቁጠር። ለግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት በአረጋዊ ላይ ያሳስታል፤ ትንፋሻቸው ዝብርቅርቅ ሊል ይችላል።

የኦክስጅን መለኪያዋ የጣት ማሽን ፐልስ ኦክሲሜትርም እንዲሁ ናት። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የጤነኛ ሰው ንባብ እንኳ ከቆላው ጥቂት ዝቅ ሊል ይችላል። ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ግን ኦክስጅን ያስፈልጋል። ከ90 እስከ 93 ባለው መካከል የሚዋልል አረጋዊ ወደ ቤቱ አይላክ፤ እዚያው ቆይቶ ደጋግሞ ይለካ። እንሶስላ የሞቀ ጥፍርና በብርድ የደነዘዘ ጣት ንባቡን ሊያዛቡ ስለሚችሉ፣ እጁን አሙቆ ወይም ሌላ ጣት፣ ካልሆነም የጆሮ ጫፍ ላይ መሞከር ያሻል።

እንግዲህ በጤና ጣቢያ ደረጃ አንድ ወጥ መመዘኛ እንዲሠራበት እናሳስባለን። ይህም ዓለም ላይ በስፋት የሚታወቀው፣ ላቦራቶሪ የማይጠይቀው ባለ አራት ነጥብ መመዘኛ ነው፦ የአእምሮ መዘባረቅ፣ ትንፋሽ በደቂቃ 30ና ከዚያ በላይ መሆን፣ የላይኛው የደም ግፊት ከ90 በታች ወይም የታችኛው 60ና ከዚያ በታች መሆን፣ እንዲሁም ዕድሜ 65ና ከዚያ በላይ መሆን። እያንዳንዱ አንድ ነጥብ አለው። 65 ዓመት የሞላው ሰው ከደጅ ሲገባ አንዱን ነጥብ ይዞ ገብቷል ማለት ነው። ከቀሪዎቹ ሦስት አንዱ እንኳ ከተጨመረበት ሪፈር ይጻፍለት፤ ሌላ ክርክር አያስፈልገውም። ምንም ያልተጨመረበትም ቢሆን ቤት ሆኖ ለመታከም ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦ መብላትና መጠጣት የሚችል፣ ሌሊት አጠገቡ የሚተኛ ሰው ያለው፣ በሁለተኛው ቀን ተመልሶ ሊታይ የሚችል። ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ይህን ካላሟሉ አልጋ ይሰጣቸው። ሳሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ከሆነ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ እንዳይረሳ።

ሕፃኑ ሲቆጠር አያቱ ያልተቆጠሩበት ቤት

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው ሲዘረጋ፣ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ባለሙያዎቹ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የሳንባ ምች በጤና ኬላ እንዲያክሙ ሲፈቀድ፣ አገራችን ከዓለም የምትጠቀስበትን ሥራ ሠርታለች። የሕፃናት ሞት ቀንሷል። በ2004 ዓ.ም. የሳንባ ምች የሚያመጣውን ኒሞኮከስ የተባለ ተሕዋስ የሚከላከለው ክትባት በሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ መግባቱም ሌላው ትልቅ እርምጃ ነው። በዚህ እንኮራለን።

ነገር ግን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወደ አንድ ቤት ስትገባ፣ የልጁን ትንፋሽ በሰዓት ትቆጥራለች፤ ምድጃው አጠገብ በኩበት ጭስ መሐል ተቀምጠው የሚስሉትን አያት ለመቁጠር የታዘዘችው ነገር የለም። ችሎታው አላት፣ ሰዓቱም በእጇ ነው። የጎደላት መመሪያና ፈቃድ ነው። የአማራ ክልል ጤና ቢሮ እና የጤና ሚኒስቴር በቤት ለቤት ጉብኝት ቅጽ ላይ አንድ መስመር እንዲጨምሩ እንጠይቃለን፦ ዕድሜው ከስድሳ በላይ የሆነ ሰው በዚህ ሳምንት እህል ትቷል? ተዘባርቋል? ወድቋል? ትንፋሹ በደቂቃ ስንት ነው? ባለሙያዋ አንቲባዮቲክ እንድትሰጥ አልጠየቅንም፤ ለይታ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንድትልክ ነው።

ሕክምናው

ቀላል በሆነው የሳንባ ምች አሞክሲሲሊን ዛሬም አስተማማኝ መነሻ መድኃኒት ነው። ሕዝቡ መርፌ ይወዳል፤ እኛም አንዳንዴ ለመርፌ እንቸኩላለን። ኪኒን መዋጥ ለሚችል፣ ከባድ ምልክት ለሌለበት አረጋዊ ሴፍትሪያክሶን መርፌ መጀመር ጥቅሙ አይታይም፤ ተሕዋስያን መድኃኒቱን እንዲለማመዱ ግን መንገድ ይከፍታል። በከባዱ ሕመም ደግሞ የመጀመሪያው መርፌ ሪፈር ከመነሣቱ በፊት በጤና ጣቢያው ይሰጥ። ከወረታ ወይም ከቁንዝላ ተነሥቶ ባሕር ዳር እስኪደረስ የሚያልፈው ሰዓት ለታካሚው ባዶ ሰዓት መሆን የለበትም። በአረጋዊ ላይ ኩላሊት ቀድሞም የደከመ ሊሆን ስለሚችል የመድኃኒቱ መጠን በዚያው ልክ ይታሰብ።

ጾምንም ማንሣት አለብን። አሞክሲሲሊን በቀን ሦስት ጊዜ ይወሰዳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናት የጠዋቱንና የቀትሩን ትተው ማታ ላይ ሦስቱንም አንድ ላይ ይውጣሉ፤ ስንጠይቃቸው “ወስጃለሁ” ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን እንደማታስገድድ የሚነግሯቸው ከእኛ ይልቅ ንስሐ አባታቸው ቢሆኑ ይሰማሉ። በኤችአይቪ ሕክምና ጊዜ የሃይማኖት አባቶች ጠበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ ሲያስተምሩ ብዙ ሕይወት ተርፏል። በጣና ገዳማትና በአካባቢው አድባራት ያሉ አባቶች በዚህም ጉዳይ እንዲያግዙን በአክብሮት እንጠይቃለን። ጠበል የሚሄድ አረጋዊ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። ዳማከሴ ጨምቆ የጠጣ ሰውም ጤና ጣቢያ መሄዱን በዚያ ምክንያት አያዘግይ።

ሆስፒታል ውስጥ አረጋዊውን የሚያድነው መድኃኒቱ ብቻ አይደለም። ከአልጋ ቀና ብሎ መቀመጥ፣ በሁለተኛው ቀን ተደግፎ መራመድ፣ ተኝቶ ሳይሆን ቀጥ ብሎ መመገብ፣ አፍን ጠዋትና ማታ ማጽዳት፣ ጠጥቶ ጉሮሮን ማርጠብ ቁም ነገር ናቸው። ይህን ሁሉ የሚሠራው አስታማሚው ነው። አስታማሚን ከክፍል በማስወጣት ብቻ የምንታወቅ መሆን የለብንም፤ ይሠለጥን፣ ይታገዝ፣ ድርሻው በካርዱ ላይ ይጻፍ። ሌሊት የሚቃዡ አባት ታስረው እንዲያድሩ ሳይሆን የሚያውቁት ሰው እጃቸውን ይዞ እንዲያድር ይደረግ።

ኦክስጅንን በተመለከተ ኮቪድ-19 ያስተማረን ትምህርት ገና ከልባችን አልወጣም። ሲሊንደር በጎደለበት ቀን ለማን እንደሚሰጥ መወሰን ከባድ ነው፤ ያን ውሳኔ የወሰደ ባለሙያ ሸክሙን ያውቀዋል። አቋማችን ግልጽ ነው፦ ውሳኔው በሕመሙ ክብደትና ታካሚው ሊያገኘው በሚችለው ጥቅም ይመሥረት። የልደት ዘመን ብቻውን ለማንም ኦክስጅን መንፈጊያ አይሁን። በፈለገ ሕይወትና በጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ያሉ ባልደረቦቻችን ይህን በጽሑፍ በተቀመጠ የውስጥ መመሪያ እንዲያጸኑት እንመክራለን፤ በድንገተኛ ክፍል በሌሊት ብቻውን የቆመ ወጣት ሐኪም ሸክሙን ለብቻው መሸከም የለበትም።

የሐይቁን መንገድም መዘንጋት አይቻልም። ከደቅ ወይም ከሐይቁ ማዶ ካሉ መንደሮች ታካሚ የሚመጣው በጀልባ ነው፤ ማዕበል ሲነሣ መንገዱ ይቆማል፣ ሲመሽም እንደዚያው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት የየብስ መንገዱም በየጊዜው እየተቋረጠ ነው። ታካሚና አምቡላንስ ከየትኛውም ወገን ሳይጠየቁ እንዲያልፉ አጥብቀን እንጠይቃለን። በደሴቶቹና በዳርቻው ላሉ ጤና ተቋማት ደግሞ ቢያንስ አንድ ኦክስጅን ከአየር የሚያጣራ ማሽን፣ አንድ ፐልስ ኦክሲሜትርና ለሦስት ቀን የሚበቃ የመርፌ አንቲባዮቲክ በቋሚነት እንዲቀመጥ፤ ሐይቁ እስኪረጋ ታካሚውን ማቆየት የሚቻለው በዚህ ነውና።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ

ሕዝባችን “ድኖ ወጣ” ሲል ነገሩ አለቀ ብሎ ነው፤ እኛም ካርዱን እንዘጋለን። የውጭ ጥናቶች ግን ሌላ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በሳንባ ምች ሆስፒታል ከተኙ አረጋውያን ከመቶ 41 ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደሞቱ፣ በሌላ ምክንያት ከተኙት ደግሞ 29 ያህሉ እንደሞቱ ዘግቧል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ አረጋውያን በሳንባ ምች ከተኙ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት የልብ ሕመምና የአንጎል ደም ዝውውር መታወክ በአራት እጥፍ ገደማ እንደሚጨምርባቸውና ስጋቱ ለዓመታት እንደማይጠፋ አመልክቷል። ሳንባው ሲያገግም ልቡ የከፈለውን ዋጋ ማንም አይከታተለውም።

ስለዚህ አረጋዊው ሲወጡ የሚሰጣቸው ቀጠሮ “ካመመዎት ይመለሱ” የሚል ብቻ አይሁን። በመጀመሪያው ሳምንት በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በቤታቸው ይጎብኙ። በስድስተኛው ሳምንት በጤና ጣቢያ ግፊታቸው፣ ስኳራቸው፣ ክብደታቸውና አካሄዳቸው ይታይ። ሳሉ ወይም ክብደት መቀነሱ ከቀጠለ ራጅ ይነሡ። ከመታመማቸው በፊት ገበያ ደርሰው ይመለሱ የነበሩ እናት አሁን ከደጅ ካላለፉ ይህ ራሱ በሽታ ነው፤ በካርዱ ላይም ይጻፍ።

ክትባት፣ ጭስና መድን

በኔዘርላንድ 85,000 ገደማ በሚሆኑ፣ ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ሙከራ የኒሞኮከስ ክትባት በክትባቱ ውስጥ ባሉት የተሕዋሱ ዓይነቶች የሚመጣውን የሳንባ ምች በ46 በመቶ ገደማ፣ ወደ ደም የሚዛመተውን ደግሞ በ75 በመቶ መቀነሱን አረጋግጧል። ይህ ክትባት በአገራችን ለሕፃናት ይሰጣል፤ ለአረጋውያን ግን በመደበኛ መርሐ ግብር አልተካተተም። ዋጋው ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ቢሆንም በጤና ሚኒስቴር ዕቅድ ውስጥ 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች ደረጃ በደረጃ እንዲካተቱ እንጠይቃለን። እስከዚያው ድረስ ለቤተሰብ የምንነግረው አንድ ነገር አለ፤ ተሕዋሱን ወደ አያት የሚያመጣው ብዙ ጊዜ የሚታቀፈው ሕፃን ነውና የልጅ ልጆች ክትባት ተሟልቶ ይሰጥ።

ስለ ጭስ የምንለው አጭር ነው። ዕድሜ ልካቸውን በእንጨትና በኩበት ጭስ እንጀራ የጋገሩ እናቶች ሲጋራ ሳያጨሱ የአጫሽ ሳንባ ይዘው ይመጣሉ። “ሌላ ሕመም የለባቸውም” ብለን ስንጽፍ ይህን ጭስ መጠየቅ አለብን።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ጥቂት ወረዳዎች ሁለቱ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር፣ የእኛው አካባቢ ናቸው። ሕዝቡ መድኑን ያውቀዋል። ዛሬ የሚሰማው ቅሬታ ካርድ ይዞ መጥቶ መድኃኒት ከግል ፋርማሲ ግዛ መባል ነው። ለአረጋዊ ይህ ማለት ከልጅ ገንዘብ መጠየቅ፣ መጠየቁን ማፈር፣ ከዚያም መዘግየት ማለት ነው። የሳንባ ምች መሠረታዊ መድኃኒቶች፣ የኦክስጅንና የራጅ አገልግሎት ለመድን አባል አረጋውያን ያለ ተጨማሪ ክፍያ በየተቋሙ እንዲገኙ ወረዳዎችና የመድን ጽሕፈት ቤቶች ኃላፊነት ይውሰዱ። ልጆችም ወላጆቻቸው በመድን ካርዳቸው ላይ ስማቸው መስፈሩን ሳይታመሙ በፊት ያረጋግጡ።

ማኅበራችን ራሱ የሚሠራው

ከሌላው የምንጠይቀውን ከራሳችን እንጀምራለን። አባሎቻችን በሚሠሩባቸው ተቋማት ሁሉ ዕድሜው ከስድሳ በላይ የሆነ የሳንባ ምች ታካሚ በተለየ መዝገብ ይመዘገባል፦ የተቆጠረ ትንፋሽ፣ የኦክስጅን መጠን፣ የአእምሮ ሁኔታ፣ የመጀመሪያው መድኃኒት የተሰጠበት ሰዓት፣ ከስድስት ሳምንትና ከአንድ ዓመት በኋላ ያለበት ሁኔታ። አዳዲስ አባሎቻችንን ትንፋሽ ቆጠራን በአልጋ ዳር እያሠራን እናሠለጥናለን። ከስድሳ በላይ ያለ ታካሚ በሳንባ ምች ሲሞት ጉዳዩ በሞት ግምገማ ስብሰባ እንዲቀርብ እናደርጋለን፤ “በዕድሜ ምክንያት” የሚል የሞት ምክንያት በአባሎቻችን ፊርማ አይጻፍም።

ይህ መግለጫ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፣ ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ጤና መምሪያ፣ በሐይቁ ዙሪያ ላሉ ወረዳዎች ጤና ጽሕፈት ቤቶችና ለሆስፒታሎቹ አመራሮች ይላካል። ከሁለት ዓመት በኋላም ከራሳችን መዝገብ በሚገኘው መረጃ ተመዝኖ ይከለሳል፤ እስከዚያው ግን የትንፋሽ ቆጠራውና የሪፈር ደንቡ መግለጫው ከጸደቀበት ቀን ጀምሮ በአባሎቻችን ዘንድ ሥራ ላይ ይውላል።